የአራሚ መብራት

በማተሚያ ቤት አራሚነት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ስለ ብርሃን ግድ ይለዋል። የእኛ ፊደል ብዙውን ልዩነት የሚሸከመው በትንንሽ ምልክት ነው፤ «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት ቅጥያዋ እግሩ መሃል ወይም ግርጌው ላይ በመቀጠሏ ብቻ ነው። ወረቀቱ የጋዜጣ፣ ቀለሙም የደበዘዘ ከሆነ ያችን ጭረት አይቶ መለየት ከዓይን ይልቅ የመብራት ጉዳይ ይሆናል።

ልጆች ሳለን የምናነበው በኩራዝ ነበር። ጣሳ፣ ክር፣ ላምባ፣ ከዚያም ጥቀርሻ። ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ መሀረቡ ይጠቁራል። ማሾ ያለው ቤት እንደ ባለጸጋ ይታይ ነበር። ከተማ ስንገባም የመንገድ መብራት ሥር ደብተር ዘርግቶ ማጥናት ነውር አልነበረውም። ያን ጊዜ ብርሃን ይኖራል ወይም አይኖርም፤ ዓይነቱን የሚያማርጥ አልነበረም።

ምርጫ እንዳለ የገባኝ በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለትምህርት ጀርመን ስሄድ ነው። በተከራየሁት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ባለ ጥቁር ክንድ የሃሎጅን መብራት ነበረ። አምፖሉ የሽምብራ ፍሬ ያህላል፤ እግሩ ግን ከባድ ነው፤ 220 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርደው ትራንስፎርመር ያለው እዚያ ነው። የዚህ ዓይነቱ መብራት ቁንጮ ቲዚዮ ይባላል። ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር አርቴሚዴ ለተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ1972 የነደፈው ነው፤ ክንዱ ላይ ሽቦ አይታይም፣ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በራሱ በክንዱ ብረት ነው። የእኔው ርካሽ አምሳያው ነበር፤ ብርሃኑ ግን ያው።

በተራው አምፖል ውስጥ የጋለው የተንግስተን ክር እየተነነ መስታወቱን ያጠቁረዋል። ሃሎጅን ውስጥ ጥቂት አዮዲን ወይም ብሮሚን አለ፤ የተነነውን ይዞ ወደ ክሩ ይመልሰዋል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ኤልመር ፍሪድሪክና ኤመት ዋይሊ በ1959 የባለቤትነት መብት ያገኙበት ይኸው ነው። ክሩ አብዝቶ ስለሚግል ብርሃኑ ይጠራል፤ አምፖሉም ሙቀቱን እንዲችል ከኳርትዝ ይሠራል። በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ወዝ ያረፈበት ቦታ ሲግል ይጎዳል። በዚያ ብርሃን ሥር ቀይ እስክሪብቶ ቀይ ሆኖ ይታያል። ለአራሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መብራቱን አገር ቤት ይዤው ገባሁ። ሶኬቱም ቮልቴጁም ገጠመ፤ የቸገረው መለዋወጫ አምፖሉ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ባለ 12 ቮልት ሃሎጅን ሞልቷል፣ የመኪና የፊት መብራት ነውና። አንዱ ወጣት ነጋዴ የእኔን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ብርሃኑስ አንድ ነው፤ እግሩ ነው እንቢ ያለው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከአውሮፓ የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ የአምፖል አደራ ነበረበት።

ዛሬ ያም መንገድ ተዘግቷል። የአውሮፓ ኅብረት በራሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አብዛኛውን ሃሎጅን ከመስከረም 2018፣ ትንንሾቹን የጠረጴዛ አምፖሎች ደግሞ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከገበያ አስወጥቷል። ውሳኔው ትክክል ነው። ሃሎጅን የሚበላውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ይጨርሰዋል፤ 50 ዋት የሚጠይቅበትን ብርሃን ኤልኢዲ በ10 ዋት ገደማ ይሰጣል። በፀሐይ የሚሞላው የኤልኢዲ ፋኖስም ከስንቱ የገጠር ቤት ኩራዝን አስወጥቷል። ይህን ያየ ሰው ለሃሎጅን ሙሾ አያወርድም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያኔ አጥተን አልመረጥንም፤ አሁን ሱቁ ሞልቶ አንመርጥም። ገዢው ዋቱንና ዋጋውን ጠይቆ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 6500 ኬልቪን የተጻፈበት፣ ሰማያዊ የሚያጠቃው ነጭ ነው፤ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም የልጆቹ ማጥኛም በዚያው ይበራል። ርካሽ ከሆነ ቀይን አጥርቶ አያሳይም። አንዲት ወጣት አራሚ በእንዲህ ያለ መብራት ሥር ያረመችው ገጽ ላይ ቀዩ ቡናማ መስሎ፣ ጽሑፉን የሚያስገባው ልጅ ሳያየው ስሕተቱ እንዳለ ታተመ። ወቀሳው የደረሰው በእሷ ላይ ነው። በቅርቡ የገባሁበት አዲስ የንባብ አዳራሽም ወለሉ እብነ በረድ፣ ወንበሩ ምቹ ሆኖ አንድም የጠረጴዛ መብራት የለውም፤ አንባቢው የጣሪያውን መብራት ከኋላው አድርጎ በገዛ ጥላው ላይ ያነባል።

ለልጃችሁ ማጥኛ አምፖል ስትገዙ ሳጥኑን አዙራችሁ አንብቡ። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የሚለውን፣ ሲአርአይ የሚባለው ቀለምን የማሳየት መለኪያው ደግሞ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ። በቀኙ የሚጽፍ ከሆነ መብራቱን በግራው አድርጉለት። ሱቁ ባለ 90 ከሌለው እንዲያስመጣ ንገሩት፤ ጠያቂ የሌለውን ዕቃ ነጋዴ አያስመጣም።