ጭስ ማውጫ ላይ የተሰቀለው ወረቀት

ከሃርሊንገን ወደ ቴርስኸሊንግ

ከኔዘርላንድስ ሰሜናዊ ወደብ ከሃርሊንገን ተነሥቶ ወደ ቴርስኸሊንግ ደሴት የሚሻገረው ፌሪ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ርቀቱ ይህን ያህል ሆኖ አይደለም፤ የዋደን ባሕር ጥልቀት የለውም። ውኃው ሲጎድል ሰፊ የአሸዋና የጭቃ ሜዳ ብቅ ይላል። ስለዚህ መርከቡ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፤ በቀይና በአረንጓዴ ተንሳፋፊ ምልክቶች መካከል እየተጠማዘዘ ይጓዛል። አጠገቤ የቆሙ ጡረታ የወጡ አንድ መርከበኛ ምልክቶቹን በጣታቸው እያሳዩኝ፣ «አሸዋው ቦታውን ይቀያይራል። እዚህ የዓምናውን ካርታ ያመነ ሰው ደለል ላይ ይቀራል» አሉኝ።

የመጣሁት ቪለም ባረንትስ የሚባለውን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር መንገድ መሪ ፍለጋ ነው። በ1550 ገደማ በዚህ ደሴት እንደተወለደ ይታመናል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኖርዌይና ከሩሲያ በስተሰሜን የተንጣለለው ባሕር ዛሬ ባረንትስ ባሕር ይባላል። በደሴቲቱ ያለው የመርከብ መኮንኖች ማሠልጠኛም ስሙን ይዟል።

ከወደቡ በላይ ብራንዳሪስ የሚባለው የባሕር መብራት ግንብ ቆሟል፤ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ባለ አራት ማዕዘን የጡብ ግንብ ነው። የተሠራው በ1594 ነው። ባረንትስ ወደ ሰሜን የመጀመሪያ ጉዞውን የጀመረውም በዚያው ዓመት ነበር። ግንቡ ሥር ቆሜ ያየሁትን ሁሉ ሳስበው፣ እዚህ ያደገ ልጅ ውኃን በጥርጣሬ ማየት የሚማረው ገና በልጅነቱ መሆን አለበት።

ገመድ፣ እርሳስና ብዕር

የዚያ ዘመን መንገድ መሪ ኮምፓስና የፀሐይን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያ ነበረው። ከሁሉ በላይ ግን የሚታመነው ገመድ ላይ የታሰረ ከባድ እርሳስ ነበር። እርሳሱን ወደ ውኃው ይጥላል፤ ገመዱ ጥልቀቱን ይነግረዋል። እርሳሱ ግርጌ የተቀባው ሞራ ደግሞ ከባሕሩ ወለል አሸዋ ወይም ጭቃ ይዞ ይወጣል። ቀለሙን አይቶ፣ በጣቱ አሽቶ ይጽፈዋል። ቀጥሎ የሚመጣው መርከብ በጉም ተሸፍኖ መሬት ባያይ እንኳ፣ የአሸዋውን ቀለም ከጽሑፉ ጋር አስተያይቶ የት እንዳለ ይገምታል።

ባረንትስ ወደ ሰሜን ከመሄዱ በፊት የሜዲትራኒያንን ወደቦችና ዳርቻዎች ያጠና ሰው ነበር። ከአምስተርዳሙ ሰባኪና ካርታ ሠሪ ከፔትሩስ ፕላንሲየስ ጋር ያዘጋጀው የሜዲትራኒያን የካርታ መጽሐፍ በ1595 ታትሟል። በሰሜን በኩል ወደ ቻይና መድረስ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ዋና ደጋፊም ይኸው ፕላንሲየስ ነበር። የደቡቡን መንገድ ፖርቱጋሎችና ስፔኖች ይዘውት ነበር። በሰሜን ግን በበጋ ፀሐይ ስለማትጠልቅ በረዶው ይቀልጣል፣ ባሕሩም ይከፈታል ብሎ ያምን ነበር። የኔዘርላንድስ ምክር ቤት መንገዱን ላገኘ 25,000 ጊልደር እንደሚሸልም አስታወቀ።

ባረንትስ ሦስት ጊዜ ሄደ። የ1594ቱና የ1595ቱ ጉዞዎች በረዶ መለሳቸው። በ1596 በሁለት መርከቦች ወጡ፤ በሰኔ ወር ዛሬ ስፒትስበርገን የምትባለውን ምድር አዩ። ከዚያ በኋላ ስለ አቅጣጫው ስላልተስማሙ ሁለቱ መርከቦች ተለያዩ። የሌላው መርከብ መሪ ያን ራይፕ በራሱ መንገድ ሄደ። ባረንትስና የመርከቡ አዛዥ ያኮብ ቫን ሄምስከርክ ወደ ምሥራቅ ተጉዘው ከሩሲያ በስተሰሜን የሚገኙትን የኖቫያ ዜምልያ ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ ዞሩ። በነሐሴ መጨረሻ በረዶው መርከባቸውን ጨመቀው።

አሥራ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ባሕሩ ወደ ዳርቻው ገፍቶ ባመጣው ግንድ ቤት መሥራት ሲጀምሩ አናጢያቸው ሞተባቸው። ቀሪዎቹ ሠርተው ጨረሱት። ሰዓታቸው በቅዝቃዜው ደርቆ ሲቆም በአሸዋ ሰዓት መቁጠር ቀጠሉ። ወጥመድ ያጠመዱለትን ቀበሮ ይበሉ ነበር፤ ትኩስ ሥጋው ከስኩርቪ በሽታ በመጠኑም ቢሆን እንደጠበቃቸው ይገመታል። አንድ ምሽት ብርዱ ቢጠናባቸው የድንጋይ ከሰል አንድደው፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ ጭስ ማውጫውን ደፈኑት። በሩን ባይከፍቱት ኖሮ በጭሱ ታፍነው ሁሉም ያልቁ ነበር።

የፀሐይዋ ክርክር

ይህን ሁሉ የምናውቀው ጌሪት ዴ ቬር የተባለው የጉዞው ባልደረባ በየቀኑ ይጽፍ ስለነበር ነው። ማስታወሻው በ1598 ታትሟል። ከዚያ ማስታወሻ ውስጥ እኔን ይበልጥ የያዘኝ ጥር 24 ቀን 1597 የሆነው ነገር ነው። ዴ ቬርና ሄምስከርክ ወደ ዳርቻው ወጥተው ሳለ የፀሐይዋን ጠርዝ አዩ። ሮጠው ለባረንትስ ነገሩት። አልተቀበለም። በስሌቱ መሠረት ፀሐይ ልትመለስ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል።

ስሌቱ ትክክል ነበር። በዚያ ኬክሮስ፣ በዚያ ቀን ፀሐይ ከአድማሱ አምስት ዲግሪ ያህል ዝቅ ብላ ነበር። ያዩትም ሰዎች አልተሳሳቱም። በቀዝቃዛና በሞቃት የአየር ንብርብር መካከል የሚጓዝ ብርሃን የምድርን ጉብታ ተከትሎ ይታጠፋል፤ ከአድማስ በታች ያለችውንም ፀሐይ ወደ ላይ አንሥቶ ያሳያል። ሳይንስ ዛሬ ይህን የኖቫያ ዜምልያ ክስተት ይለዋል። ዴ ቬር ዕውቀቱን የሚያከብርለት መሪ አልተቀበለኝም ብሎ ያየውን አልሰረዘም። የመሪውን ተቃውሞም አልደበቀም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ለብዙ ዘመን ሐሰተኛ ተብሎ ቢጠረጠርም የተጻፈው አልጠፋምና ኋላ የመጣው ትውልድ እውነቱን ለየ።

አምስተርዳም፣ ሪይክስሙዚየም

ከዚያ ቤት የመጡት ዕቃዎች ዛሬ በአምስተርዳሙ ሪይክስሙዚየም ይጠበቃሉ። መቅረዞች፣ ጫማ፣ የደረቀ ልብስ፣ የቆመው ሰዓት። እኔ ረጅም ጊዜ የቆምኩት ለቻይና ገበያ ታስበው የተጫኑት የኅትመት ሥዕሎች ዘንድ ነው። በበረዶው ውስጥ ተጣብቀው እንደ ጡብ ደርቀው ነበር፤ በ1970ዎቹ ባለሙያዎች አንድ በአንድ አላቀቋቸው። ጠርዛቸው ተበልቷል፤ የመርፌው መስመር ግን አሁንም ስል ነው።

የኖርዌዩ መርከበኛ ኤሊንግ ካርልሰን ቤቱን ያገኘው በ1871 ነው። ከ1597 ወዲህ ሰው ገብቶበት የሚያውቅ አይመስልም ነበር። በ1876 እንግሊዛዊው ቻርልስ ጋርዲነር እንደገና ሄዶ ሲፈትሽ ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ አነሣ፦ በባሩድ ቀንድ ውስጥ እንደ ክታብ ተጠቅልሎ የቆየ ወረቀት። ባረንትስ ከመነሣታቸው በፊት ጽፎ ጭስ ማውጫው ላይ የሰቀለው ነው። ወደ ቻይና ለመሄድ ከሆላንድ እንደተነሡ፣ እዚያ ምን እንደደረሰባቸውና ለምን በጀልባ ለመሄድ እንደተገደዱ ይናገራል። ለማንም በስም አልተላከም። ከእነሱ በኋላ ለሚመጣ ሰው ነው።

ሰኔ 14 ቀን 1597 አሥራ አምስቱ በሁለት ክፍት ጀልባዎች ተነሡ። ባረንትስ ታሞ ነበር። ሰሜናዊውን ጫፍ ሲያልፉ እንዲያነሡት ጠየቀ፤ ቦታውን አንድ ጊዜ ለማየት። ሰኔ 20 ዴ ቬር የጉዟቸውን ትንሽ ካርታ ሰጠው። ተመለከተው፣ ተነጋገሩበት፣ አስቀመጠው፤ የሚጠጣ ለመነ፤ ጠጣና አረፈ። መቃብሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የተረፉት አሥራ ሁለቱ በሩሲያ ኮላ በተባለ ወደብ ራይፕን አገኙትና ኅዳር 1 ቀን አምስተርዳም ገቡ።

ወረቀቱ የሄደበት

የባረንትስ የዋልታ ካርታ ከሞተ በኋላ በ1598 ታተመ፤ የስፒትስበርገን ዳርቻ ለዓለም የታየው በዚያ ነው። በእጁ የጻፈው ሌላ ማስታወሻ በፕላንሲየስ ዘንድ ቆይቶ በ1609 ለእንግሊዛዊው አሳሽ ለሄንሪ ሃድሰን በውሰት ተሰጠ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከአትላንቲክ እስከ ፓስፊክ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለቀችው መርከብ ግን የስዊድን ዜግነት ያለው ኖርደንሸልድ የመራት ቬጋ ናት፤ በ1878 እና በ1879።

በሽልማቱ ሚዛን ከመዘኑት ባረንትስ ሳይሳካለት ሞቷል። እኔ ግን በሥራው ሚዛን እመዝነዋለሁ። በረዶው በየትኛው ቀን የት እንደነበረ፣ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ፣ መንገዱ የት እንደተዘጋ ጽፎ ሄዷል። የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ስለ ድሉ ነው፤ ለተከታዩ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሳይደርስ የቀረው ሰው በሐቅ የጻፈው ነው። እኛም የጀመርነው ሥራ ከእጃችን ሲያመልጥ፣ የት እንደደረስንና ምን እንዳስቆመን ጽፈን ለሚቀጥለው ልናስቀምጥለት ይገባል።