ቶክግሩፕ ሞገድ አይደለም

ዲ ኤም አር በተባለው ዲጂታል አማተር ሬዲዮ ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ቶክግሩፕን እንደ ሞገድ ማየት ነው። ሞገዱ መንገዱ ነው፤ ቶክግሩፕ ግን ድምፁ ለማን እንደሚደርስ የሚለይ ቁጥር ብቻ ነው። ድምፁን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው ሪፒተር 12.5 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ባለው ቻናል ላይ በየ30 ሚሊሰከንዱ የሚፈራረቁ ሁለት ታይም ስሎቶች (የጊዜ ክፍሎች) አሉት። በሬዲዮው ላይ መቶ ቶክግሩፕ ቢጫንም ሪፒተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሁለት ንግግር ነው። ሪፒተሮችን በሚያገናኘው የብራንድማይስተር መረብ ዓለም አቀፉን ቶክግሩፕ 91 መርጦ የተናገረ ሰው የአካባቢውን አንድ ስሎት ይይዛል፤ ያንኑ ቁጥር የከፈቱ የሌሎች አገር ሪፒተሮችም አብረው ይያዛሉ። ከጎረቤት ጋር ለማውራት ይህን ሁሉ መያዝ ተገቢ አይመስለኝም፤ በብዙ ቦታ ቶክግሩፕ 9 ለአካባቢ ወሬ የተተወውም ለዚሁ ነው።

«እንደ ድሮው ሁሉም ሁሉን ይስማ» የሚሉ አሉ፤ የአናሎግ ቀላልነት በእርግጥ የሚናፈቅ ነው። ግን አናሎጉ ሪፒተር ብቻውን የሚሸፍነው በዙሪያው ያለውን ነው። በመረብ የተሳሰሩ አገሮች ሁሉ በአንድ መስመር ልናገር ቢሉ መደማመጥ ከየት ይመጣል? ቁጥሩ ምስጢር ይጠብቃል የሚሉትም ተሳስተዋል፤ መቀበያውን ለሁሉም ቶክግሩፕ የከፈተ ሰው በስሎቱ የሚያልፈውን ሁሉ ይሰማል። እንዲያውም ከመናገር በፊት እንዲህ ከፍቶ ማዳመጥ ይበጃል፤ 9 ላይ የተቀመጠ ሬዲዮ ጸጥ ብሎ የመቀበያ መብራቱ ከበራ፣ ሌላ ሰው በሌላ ቁጥር እያወራ ነው፣ ምናልባትም በዚያው ስሎት።