ከመርካቶ እስከ አያት፦ ልጆቻችንን የት እናስተምር?



ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ክረምቱን የሚያሳልፈው በአንድ ጥያቄ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛን የት ይማር? አባት ሱቅ በከፈተበት በመሀል ከተማ ነው ወይስ መኖሪያችን ባለበት በከተማው ዳር? መካከለኛ ደረጃ የሚባለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ይሁንና ልጆቻችን ለአካለ መጠን የሚደርሱት፣ ሶላትም ግዴታ የሚሆንባቸው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ዕድሜ ነውና ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

እስኪ ሁለቱን ወገኖች አብረን እንያቸው። መርካቶ፣ ታላቁ አንዋር መስጊድ አጠገብ ብንቆም ተሸካሚው ጣቃውን ተሸክሞ «ገለል በሉ!» እያለ ያልፋል፤ የመኪናው ጥሩምባ ከነጋዴው ጥሪ ጋር ይደባለቃል። በዚህ አካባቢ ሰፊ ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም መስጊዱም መድረሳውም ቅርብ ነው፤ አጎትና የአባት ወዳጅ በየሱቁ አለ። ልጁ ቢያጠፋ ወሬው ከመግሪብ በፊት ቤት ይደርሳል። በዚያው መጠን ፑል ቤቱና ጫት ቤቱም ሩቅ አይደሉም።

አሁን ወደ ምሥራቅ እንጓዝ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ከጦር ኃይሎች እስከ አያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ስታዲየም ላይ ተሳፍረን መገናኛን፣ ጉርድ ሾላንና ሲኤምሲን ስናልፍ ሰማዩ እየሰፋ ይሄዳል። አያትና አካባቢው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ ኮንዶሚኒየሞች ተሞልቷል። ልጁ ከቤቱ ትምህርት ቤት በእግሩ ይመላለሳል፤ ኳስ የሚያንከባልልበት ሜዳም አያጣም። ነገር ግን እናትና አባት መሀል ከተማ ከዋሉ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ነው፤ ከየሰፈሩ የመጣው ጎረቤትም ገና በደንብ አልተዋወቀም።

ታዲያ በምን እንመዝን? የትምህርት ቤቱን ስም ከመጠየቃችን በፊት የልጁን ሰዓት እንቁጠር። አያት እያደረ መርካቶ የሚማር ልጅ ፈጅርን እንደሰገደ ይወጣል። በአዲስ አበባ ዙህር ዓመቱን ሙሉ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ጊዜ ይገባልና በምሳ ዕረፍት መስገድ ይቻላል። የሚያሳስበው ዐስር ነው። ወቅቱ የሚገባው ልጁ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት አካባቢ ነው። መገናኛ ላይ ታክሲ ሲጠብቅ ቆይቶ ቤቱ ሲደርስ መግሪብ ከቀረበ፣ ለቁርኣኑም ለቤት ሥራውም የሚተርፈው ድካም ነው። አባቱ ሱቅ ውስጥ ሰግዶ፣ እዚያው አጥንቶ ከአባቱ ጋር የሚመለስ ከሆነ ግን ያው መርካቶ ጥሩ ምርጫ ይሆናል።

ዳር ላይ ለምንኖር ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። በዙሪያችን ያሉ በርካታ ሰፈሮች በኦሮሚያ ክልል፣ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የሚያዘጋጀው ክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነና በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር ከምዝገባ በፊት እንወቅ። ልጅን በዓመቱ አጋማሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር የሚጎዳው እሱኑ ነው።

እንግዲህ ወላጆች፣ ከመመዝገባችን በፊት አንድ የሥራ ቀን እንሠዋ። ልጃችን በሚወጣበት ሰዓት ወጥተን፣ በሚሳፈርበት ታክሲ ተሳፍረን፣ በሚለቀቅበት ሰዓት በሩ ላይ እንቁም። ተማሪዎቹ ሲወጡ ወዴት እንደሚሄዱ እንመልከት። ጁሙዓ ቀን የከሰዓቱ ትምህርት ስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ ሴት ልጃችን በሒጃቧ ሳትሸማቀቅ መማር መቻሏንም እንጠይቅ። ከዚያ ልጁን ራሱን አስቀምጠን እናማክረው፤ መንገዱን በየቀኑ የሚሄድበት እሱ ነውና።

ልጆች በእጃችን ያሉ አማና ናቸው። አላህ ለዲናቸውም ለዱንያቸውም የሚበጀውን ይምረጥልን። አሚን።