ግራው 43፣ ቀኙ 41

ጫማ ሻጭን የሚያማርረው በዋጋ የሚከራከረው ደንበኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደኔ ያለውም አለ። ግራ እግሬ 43፣ ቀኜ 41 ነው። ስወለድ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር። በሕፃንነቴ በጀሶ ተቃንቶልኝ ዛሬ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ሆኖም እንዲህ ያለ እግር ከተቃና በኋላም ከጓደኛው ማነሱ፣ ባቱም መቅጠኑ የተለመደ ነው። በአውሮፓውያን የጫማ ልክ አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነውና የኔ ልዩነት 13 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ለከተማ ጫማ ይህ ምንም አይደል፤ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል።

ችግሩ ፉሪ ነው። ከላፍቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ላለ ሰው ተራራው ፊት ለፊት ቆሟል። ጓደኞቼ እሁድ እሁድ ሲወጡት እኔ ጀሞ ላይ ቡና እየጠጣሁ እጠብቃቸዋለሁ። "እግርህ እኮ ነው" ይሉኛል በአዘኔታ። እኔ ደግሞ ጫማው ነው እላለሁ። መቼም አዘኔታን የመሰለ የሚያደክም ነገር የለም።

ዳገቱስ ባልከፋ፤ ጉዱ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሲወርዱ በሰፊ ጫማ ውስጥ ያለ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ይላተማል፤ ተረከዝም ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይላጣል። ጥጡ ደግሞ ጣትን ያጨናንቃል እንጂ ተረከዝን አይዝም።

"እንደ አበበ ቢቂላ በባዶ እግርህ ውጣዋ!" የሚል ቀልደኛ አይጠፋም። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ያለ ጫማ የሮጠው የቀረበለት ስላልተመቸው ነው ይባላል። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ተጫምቶ ነው ያሸነፈው። እኔም የቶኪዮውን እመርጣለሁ።

ሁለት ጥንድ ከስክስ ገዝቶ አንድ አንዱን መጣል በመጣጥፍ ለሚያድር ሰው አይታሰብም። አንድ ሱቅ ገብቼ "ግራውን ከ43፣ ቀኙን ከ41 ስጠኝ" ብለው ሻጩ "የተረፉትንስ ለማን ልሽጥ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ቀኙ 43፣ ግራው 41 የሆነ ሰው በዚህች ከተማ አንድ ቦታ መኖሩን ግን አልጠራጠርም፤ ምናልባት እሱም እኔን እየፈለገ ይሆናል። መርካቶ ሸራ ተራ ያነጋገርኩት ባለሙያ ደግሞ "ቆዳውን በልክህ እሠራዋለሁ፤ ወፍራሙን የተራራ ሶል ከየት ላምጣልህ?" ብሎ መለሰኝ።

መላው የተገኘው እዚሁ ሰፈሬ፣ መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ከሚሠሩ ጫማ ሰፊ ዘንድ ነው። 43 ቁጥር የሳልባጅ ከስክስ ይዤ "ጋሼ፣ ይቻላል?" አልኳቸው።

"አሁን አይሆንም። ማታ ና። እግር ሲውል ያብጣል፤ ልኩ የሚታወቀው ያኔ ነው።"

ማታ ካርቶን ላይ አቁመው በእርሳስ ዙሪያውን ሣሉኝ። ለቀኙ ወፈር ያለ የቆዳ ንጣፍ ቆርጠው ከሥር አስገቡ፤ ከምላሱ በታች ሌላ ስፖንጅ ሰፉበት፤ እግሬን ወደ ኋላ ገፍቶ ከተረከዙ ጋር እንዲያጣብቀው ነው። አፍንጫው ጋ ጥጥ ልጨምር ስል እጄን መለስ አደረጉት።

"ተወው ልጄ፣ ባዶ ይሁን። እግር የሚያዘው ተረከዙ ላይ ነው።" ክሩንም ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደርበው ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ።

ባለፈው ኅዳር ፉሪን ወጥቼ ወረድኩ። ቀኝ እግሬ ጣቱም ተረከዙም ደህና ነበር። የሚገርመው ግራው፣ ያ ማንም አዝኖለት የማያውቀው ጤነኛው እግሬ፣ ትንሿ ጣቱ ላይ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። በማግስቱ ማታ ጫማውን ይዤ ወደ ጃንጥላው ሄድኩ።