ስም ያጣ ቅጠል

ሲጋር ሲባል ሃቫና ትታሰበናለች። ያለምክንያት አይደለም። እዚያ ጠቅላዮቹ እጃቸው ሥራ ላይ ሳለ ልብ ወለድ ይነበብላቸዋል፤ ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው እነሱ ከወደዱት ከአሌክሳንደር ዱማ መጽሐፍ ነው። ቅልቅሉም ወግ አለው፤ ከተክሉ ጫፍ የሚቀነጠሰው ቅጠል ኃይል ይሰጣል፣ የታችኛው እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል፣ የላይኛው መጠቅለያ መዓዛ ይጨምራል።

እኛስ? ደቡብ ኦሞ፣ አልዱባ ገበያ ቆሜ አይቻለሁ። በናውና ኣሪው ሲገናኙ ትምባሆም አብሮ ይወጣል። ገዢው እንዲሁ አይገዛም፤ ቅጠሉን ያሻል፣ ያሸታል፣ «ይሄ ይከብዳል፣ ያኛው ይሻላል» ይላል። ታዲያ ይህስ ዕውቀት አይደለም እንዴ?

ወገኖቼ፣ ጢሱን ላወድስ አልተነሳሁም። ትምባሆ የሃቫናም ሆነ የአልዱባ ያው ገዳይ ነው። የከነከነኝ ሌላ ነው። የኩባው እጅ ሲጠቀልል «ጥበብ» እንላለን፤ የአልዱባው አፍንጫ ሲመርጥ ግን «ልማድ» ብለን እናልፋለን። ለአንዱ ልብ ወለድ ስም አወጣለት። ለሌላውስ ማን ይጻፍለት፣ እኛ ብዕር የያዝነው ካልጻፍንለት?