የሰኔው በግ

ታናሽ እኅቴ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ኢኮኖሚክስ በደረሳት ሰሞን፣ የቀሪውን የሦስት ዓመት የኮርስ ዝርዝር ይዛ ከፊቴ ተቀመጠች። እርሳስና ማስመሪያም ይዛለች። «ጋሼ፣ አንተ የተማርኸው ነውና አብረን እናቅደው» አለችኝ። ደስ አለኝ። በባንክ መስኮት ኋላ የሚውል ሰው ስለ ተማረው ትምህርት የሚጠየቀው አልፎ አልፎ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በእኛ አገር ተማሪው ራሱ የሚያቅደው ብዙ የለውም። ዝርዝሩ አስቀድሞ ተደልድሏል፤ ምርጫ የሚባለው አንድ ሁለት ኮርስ ቢሆን ነው። ዕቅድ የሚያስፈልገው ተማሪዎች ፕሪሪኩዚት ለሚሉት፣ ቀድሞ መወሰድ ያለበትን ኮርስ ለሚያመለክተው ጠባብ ዓምድ ነው። ካልኩለስን ያላለፈ ለማቲማቲካል ኢኮኖሚክስ አይመዘገብም፤ ስታትስቲክስን ያላለፈ ኢኮኖሜትሪክስን አያይም፤ ኢኮኖሜትሪክስ የሌለው ደግሞ የመመረቂያ ጥናቱን ቁጥሮች በምን ይተነትናል? ከሁሉ የሚከፋው፣ አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። በአንዱ የተሰናከለ፣ ተከታዩ ባች እስኪደርስ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል።

ይህን እያስረዳኋት ሳለ፣ «ካልኩለሱን ድሮፕ ባደርገውስ?» አለች። «ከሌሎቹ ጋር ይከብደኛል። በሚቀጥለው ዓመት ተረጋግቼ እወስደዋለሁ።»

እርሳሱን ከእጇ ተቀበልሁ፤ ግን ምንም አልጻፍሁም።

እኔ በ2002 ዓ.ም. የካልኩለስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ግጥም እጽፍ ነበር። ሰበብም አላጣሁም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ ያን ያህል ያስረዱት ያለ ካልኩለስ አይደለምን? አልፍሬድ ማርሻልም እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ሒሳቡን ወደ አባሪ ገፍቶታል። ይህን የሰማሁ ዕለት ነጻ የወጣሁ መሰለኝ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1865 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ሁለተኛ የወጣ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ኤፍ ካገኘሁ በኋላ ነው። እርሱ ገለል ያደረገው የሚያውቀውን ነበር።

ያ አንድ ኤፍ የኋለኞቹን ኮርሶች አስከትሎ ቆመ፤ የሦስት ዓመቱ ትምህርት አራት ሆነ። ግጥሞቹስ? አንዳቸውንም ዛሬ ለሰው አላሳይም።

እናቴን «መንግሥት ትምህርቱን አራት ዓመት አደረገው» አልኋት። ለሰኔ 2004 ምርቃቴ ብላ የገዛችው በግ ለእንቁጣጣሽ ታረደ። ዓመታት አልፈው፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች የጋራ የመጀመሪያ ዓመት እንዲማሩ ሲደረግ፣ መርሐ ግብሩ በእርግጥም አራት ዓመት ሆነና ውሸቴ እውነት መስሎ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቀኛል?

ለእኅቴ «ድሮፕ አታድርጊ» ብላት «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው የመውጫ ፈተና ነግሬ ላልፋት እችል ነበር፤ አሳማኝም ነው። ነገር ግን ያንን ፈተና ሁሉም ሰው ይነግራታል። ስለዚህ የራሴን ነገርኋት።

ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ያ ነጩ በግ ለምርቃትህ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ለእሱ ነበር።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ከማድ ቤት የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል፤ እናታችን ቡና ትወቅጣለች። እኅቴ እርሳሷን ከእጄ ወሰደችና ካልኩለስ የሚለውን ቃል ከበበችው። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኢኮኖሜትሪክስ የሚመጣው ከየትኛው በኋላ ነው ያልኸኝ?» አለች።