ልምድ ከየት ይምጣ?

ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሞ አንገቱን ያላሰገገ የከተማ ልጅ ማን አለ? እኔም አስግጌአለሁ። «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» ይላል። ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? መርካቶ ወርጄ ልግዛው እንዴ?

በዚህ ስብሰለሰል አንድ ጓደኛዬ «ኦፕን ሶርስ ላይ ለምን አትሠሪም?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ስህተት ያየ አርሞ ይልካል፣ ኃላፊዎቹ መርምረው ይቀበላሉ ወይ ይመልሳሉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት አገር ያለ ሰው እጁን አሳርፎበታል! እርማት የላከ ሰው ዲግሪ አይጠየቅም።

12ኛን ብቻ ለጨረስኩት ለእኔ ይኼ የምሥራች ነበር። ኮዱን ስላልደፈርኩት አንድ ፕሮግራም ወደ አማርኛ መተርጎም ጀመርኩ። እማዬ «ደሞዝ የሌለው ሥራ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» እያለች ብታጉረመርምም ስተረጉም አድሬ በኩራት ላክሁ። በ3ኛው ቀን ተመለሰልኝ! ለካ «ካንስል»ንም «ዲሊት»ንም «ሰርዝ» ብያቸዋለሁ። «ሐሳቡን ቀይሮ ልተወው ያለ ሰው ይህን ተጭኖ የወር ሥራው ቢጠፋ ምን ልትዪው ነው?» ይላል የመርማሪው ማስታወሻ። አፈርኩ። አንዱን «ተወው»፣ ሌላውን «አጥፋ» ብዬ መልሼ ላክሁ፤ ተቀበሉኝ። እነዚያ ሁለት ቃላት ከወሰድኩት የኮምፒዩተር ኮርስ ሁሉ በለጡብኝ።

አልዋሻችሁም፣ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይሰጥም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ይህንኑ ሥራዬን ብነግራቸው «ማኅተሙ የታለ?» ብለው ሸኙኝ። ሌላ ቦታ ግን ጠያቂው ሥራዬ ከነስሜና ከነቀኑ የተመዘገበበትን ገጽ ከፍቶ ያችን «ሰርዝ» አነበበ። ሳቀ። ቀጥሎ «ታዲያ እንዴት አረምሻት?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዲግሪ ያነሳ የለም፣ ስለ ሥራ ብቻ አወራን። የ3 ወር የትርጉም ሥራ አገኘሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይቺ ናት። የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ምረጡ፣ መመሪያውን አንብቡ፣ በትንሿ ስህተት ጀምሩ። ሲመልሱባችሁ አታኩርፉ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንጀራ የሚያበላችሁን ሥራ ግን ለዚህ ብላችሁ እንዳትለቁ፣ በትርፍ ሰዓታችሁ ይሁን።

እማዬ? አሁንም ታጉረመርማለች፤ ግን መብራት አጥፊ ማለቱን ትታለች።

ቸር ይግጠመን!